የብሎክ ሠላሳ አንድ ዋስ

በ2078 ዓ.ም. ጳጉሜ አንድ ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከቤታችን በር እስከ ደረጃው ግርጌ ሠላሳ አራት ሰው ተሰልፎ ነበር። ሁሉም ኮምፒውተሩን ይዟል፤ ዝናብ እንዳይነካው አንዳንዱ በፌስታል፣ አንዳንዱ በፎጣ ጠቅልሎታል። ከተሰለፉት ውስጥ የሚያወሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ስለ ዝናቡ ነው።

ጳጉሜ የእድሳት ወር ናት። ድሮ በዚህ ወር ሰው ዝናብ ላይ ወጥቶ ይታጠብ ነበር ይባላል። እኛ የደህንነት ቅንብር እናድሳለን። ኮምፒውተሩ በአምስቱ ቀን ውስጥ ባለቤቱን ካላረጋገጠ፣ በአምስተኛው ቀን ጀንበር ስትጠልቅ ይዘጋል። እሱ ሲዘጋ የቤቱ በር፣ ምድጃው፣ የክሊኒኩ ካርድ፣ የአውቶቡሱ መግቢያ አብረውት ይዘጋሉ። ሰውየው አይታሰርም፣ አይቀጣም፣ ማንም አይቆጣውም። «ያልታደሰ» ይባላል፤ በቃ።

እኔ ኖላዊት ሱራፌል እባላለሁ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሠላሳ አንድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ከአባቴ ጋር እኖራለሁ፤ ወይም እኖር ነበር። የብሎኩን ሰው ቅንብር የምሞላው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። አንድ ዓመት ለአንዷ ጎረቤት ሞላሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም መጣ።

የይለፍ ቃል የሚባለው ነገር የቀረው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። አሻራ ተቀዳ፣ ፊት ተቀዳ፣ ድምፅም ተቀዳ፤ ሌባ ሁሉንም አስመስሎ ሠራው። አንድ ቀን እናቴ ስልክ ደውላ እያለቀሰች የምሥጢር ቁጥሬን እንድነግራት ስትለምነኝ፣ እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ሁለታችንም ስልኩን አየነው። ከዚያ ወዲህ ሰውን የሚያስታውቀው ሌላ ሰው ብቻ ሆነ። ዋስ ይባላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዋሱ የማሽኑን አምባር እጁ ላይ አድርጎ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል። ማሽኑ ሦስት ነገር ይጠይቀዋል። ይህን ሰው ያውቁታል? ስሙ ማን ነው? የማን ልጅ ነው? መልሱን ይሰማል፤ ከመልሱ ይበልጥ የሚሰማው ግን ልቡን ነው። የሚያውቁትን ሰው ሲያዩ ልብ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ማሽኑ የሚፈልገው እሱን ነው። ስም አስጠንቶ ማታለል አይቻልም። ተሞክሯል።

እያንዳንዱ ሰው ሦስት ዋስ በተራ ያስመዘግባል። አንደኛው በሕይወት እስካለ ድረስ ሁለተኛው አይጠየቅም። ማሽኑ ገና ሲጀመር መክሮን ነበር፤ «በዕድሜ የሚቀራረብዎትንና ጤነኛ የሆነ ሰው ቢያስቀድሙ መልካም ነው» ይላል። ምክሩን ሁላችንም አንብበናል። ነገር ግን ቅንብሩ የተሞላው በእኛ ሳሎን ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

አባቴን ላስተዋውቅ። ሱራፌል ታዬ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት በር እና መስኮት ሲበይድ ኖሯል፤ የብሎኩ መስኮቶች ላይ ያለውን ፍርግርግ በሙሉ የሠራው እሱ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ደግሞ የብሎኩ ሽማግሌ ሆኖ ሰው አስታርቋል። የውኃ ታንከር ጠብ፣ የልብስ ማስጫ ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ ሁሉም እዚያ ሶፋ ላይ አልቋል። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ለፊትህ ቁጭ ብሎ ሻይውን እየጠጣ ሌላ ሰው አንደኛ አድርገህ ታስመዘግባለህ? ከላያችን የሚኖሩት እትዬ ፌቨን እህታቸውን ሊያስቀድሙ አስበው ነበር የመጡት። አባቴን አየት አደረጉና «በይ ጋሼን አስቀድሚልኝ፤ እሷ ሁለተኛ ትሁን» አሉኝ። ከእሳቸው በኋላ ማን ደፍሮ ይለፈው? ሠላሳ አራቱም አባቴን አስቀደሙ፤ እኔም እንዲሁ። ይሉኝታ ነው። የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እንደውም አንድ ዓይነት ስም መሆኑ ሥራዬን ስላቀለለልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባቴ መርሳት የጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው።

መጀመሪያ ቁልፎችን ረሳ፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ቀጥሎ ሰዎችን። እንግዳ ማስተናገድን ግን አልረሳም። በሩ «የማይታወቅ ሰው ቆሟል፤ ይግባ?» ብሎ ሲጠይቀው ምንጊዜም መልሱ አንድ ነው። «ምን ጥያቄ አለው፣ ይግባ እንጂ!» አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የፍራሽ ነጋዴ ከአባቴ ጋር ምሳ ሲበላ አገኘሁ። ሌላ ቀን ሁለት ሰዎች መጡ፤ አባቴ ሻይ ጋበዛቸው፤ ሲወጡ ቴሌቪዥኑን ይዘው ወጡ። አባቴ ደረጃው ድረስ ሸኝቷቸዋል፤ ከባድ ነው ብሎ በአንድ በኩል አግዟቸዋል።

በጥቅምት ወር የቤታችንን ቅንብር ወደ አምስተኛ ደረጃ ከፍ አደረግሁ። በብሎኩ ውስጥ ሌላው ሰው ሁሉ ሦስተኛ ላይ ነው። አምስተኛ ደረጃ ማለት የማይታወቅ ሰው፣ ባለቤቱ ይግባ ቢልም እንኳ፣ አይገባም። የዋሶች ዝርዝር ከአንዱ እድሳት እስከ ሌላው አይነካም። ደረጃውን ዝቅ ለማድረግ ሁለታችን አንድ ላይ ቀርበን መተዋወቃችን መረጋገጥ አለበት። ማሽኑ ሦስት ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስቱንም ጊዜ አዎ አልኩ። ያን ቀን አባቴን የጠበቅሁት መስሎኝ ነበር፤ እውነት ለመናገር ኩራትም ቢጤ ተሰምቶኛል።

አባቴ ስሜን የጠራበትን የመጨረሻ ቀን አላውቅም። ሐምሌ ላይ «የኔ እመቤት» ይለኝ ጀመር። ሲያቀብጠኝ ነው ብዬ ተውኩት። ደግሜ አላሰብኩበትም፤ ማሰብ አልፈለግሁም።

እንግዲህ ጳጉሜ አንድ ቀን ሰልፉ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሰው አቶ ናሆም ነበር፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ ጡረተኛ መምህር።

«ይህን ሰው ያውቁታል?» አለ ማሽኑ።

አባቴ በትሕትና አቶ ናሆምን አየው። «ሰላም ነህ?» አለው። «ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

«አልተረጋገጠም። ሁለት ሙከራ ይቀርዎታል።»

 አቶ ናሆም ኮምፒውተሩን መልሶ ጠቅልሎ ከወንበሩ ተነሳ። ሁለተኛው ሰው አልተረጋገጠም። ሦስተኛዋም አልተረጋገጠችም። አራተኛ እትዬ ፌቨን ነበሩ። እሳቸው ተራቸውን ሲጠብቁ ቁጣቸው መጥቶ ነበር መሰለኝ፣ ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ እኔን እረሳለሁ ካሉ ታንከሩን ያስታውሱ! ያ ናሆም በእኔ ተራ ውኃ ቀድቶ፣ እኔን ደግሞ ሌባ ብሎኝ፣ እርስዎ ‹ይቅር በዪው› አሉኝ። አሁንም ይቅር አላልኩትም!»

አባቴ ቀና አለ። ፊቱ ተለወጠ፤ ሳቀም። «ፌቨን» አለ። «የባሕሩ ልጅ። አንቺ እኮ በባልዲ ልትፈነክችው ነበር!»

«ተረጋግጧል» አለ ማሽኑ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተገኘ። ለሦስት ቀን ቤታችን የጠብ አውድማ ሆነ። ሰው ሁሉ ያረጀ ጠቡን ይዞ መጣ። አቶ ናሆም ተመልሶ ከእትዬ ፌቨን ጋር ስለ ታንከሩ እንደ አዲስ ተጨቃጨቀ፤ ተረጋገጠ። የልብስ ማስጫው ገመድ፣ የሚጮኸው ሙዚቃ፣ ግድግዳ ላይ የተመታው ሚስማር፣ ለሠርግ ሳይጠራ የቀረው ጎረቤት፣ ሁሉም ከያለበት ወጣ። ከሃያ ዓመት በፊት ሊፋቱ ደርሰው የታረቁ ባልና ሚስት፣ ያኔ የተባባሉትን ቃል በቃል መድገም ነበረባቸው። ሴትዮዋ እያለቀሰች ደገመችው፤ ባልየው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። አባቴ ሁለቱንም በስም ጠራቸው። ተረጋግጠው ሲወጡ ግን ተለያይተው ነበር የሄዱት፤ እስከ ዛሬም እንደተኳረፉ ናቸው።

እያንዳንዱ ሰው ከታደሰ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል። «ኖላዬ፣ እንግዲህ... ለከርሞ ወንድሜን አስቀድሚልኝ።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ አባቴ እንዳይሰማ። እኔም ዝቅ አድርጌ እሺ እላለሁ፤ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ስለሆኑ፣ አንዴ ከታደሱ መቀየር ይችላሉ። በሦስት ቀን ውስጥ አባቴን ከሠላሳ አራት ሰው ዝርዝር አወረድኩት። እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሰው ሁሉ ስለጠየቀው ደስ ብሎት ነበር። «ዘንድሮ ሰው በዝቷል» አለኝ።

የቤት ልጅ ስለሆንኩ የምቀርበው መጨረሻ ላይ ነው። እንግዳ ሳይስተናገድ ባለቤት አይቀድምም፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው። ጳጉሜ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ፣ ኮምፒውተሬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ደክሞት ነበር። የእሱን ኮምፒውተር ቀደም ብለን አድሰናል፤ የእሱ ዋስ እኔ ነኝ።

«ይህችን ሴት ያውቋታል?»

«እንዴታ» አለ አባቴ። «ቤቱን የምታሰናዳው ናት። ጎበዝ ናት፤ እግዜር ይስጣት።»

«ስሟ ማን ነው?»

አሰበ። ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ እንዳላፍር የፈራ ይመስል፣ ቀስ ብሎ «ስምሽን ነግረሽኝ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አልተረጋገጠም። ሁለት ሙከራ ይቀርዎታል።»

የሚሆነውን አውቃለሁ፤ ለሌሎች ስሞላ ደንቡን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያልታደሰ ሰው ቤት ውስጥ አይገኝም። ያልታደሰ ሰው አረጋዊ አይንከባከብም። አባቴ ከእኔ ሌላ ሰው ስለሌለው «ብቻውን የሚኖር፣ ዘመድ የሌለው» ተብሎ ይመዘገባል፤ መስከረም ሁለት ቀን መጥተው ወደ መጦሪያ ይወስዱታል። መጦሪያው ጎብኚ ያስገባል፤ የታደሰ ጎብኚ። ስለዚህ ጉዳዩ የበር አልነበረም። አባቴ ካላወቀኝ አባቴን ዳግመኛ አላየውም።

በማግስቱ ጠዋት ጸጉሬን እናቴ ታደርገው እንደነበረው ወደ ኋላ ሰብስቤ አሰርኩት። ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት አንድ የሚያውቀው ነገር ካገኘ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ይሆናል። ፊት ለፊቱ ስቀመጥ አባቴ እጁን ዘርግቶ ጉንጬን ነካኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ይህችን ሴት ያውቋታል?»

«ሜላት» አለ። «የት ጠፍተሽ ከረምሽ?»

ማሽኑ ልቡን ሰምቶ ነበር፤ እኔም አምባሩ አረንጓዴ ሲበራ አይቻለሁ። «ወይዘሮ ሜላት ኃይሌ በ2069 ዓ.ም. ሞተዋል» አለ። «አልተረጋገጠም። አንድ ሙከራ ይቀርዎታል።»

አባቴ ሰማ። «ማን ሞተ?» አለኝ። «ማነው የሞተው?» ያን ጠዋት እናቴን እንደ አዲስ ቀበርናት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አለቀሰ፤ ከምሳ በኋላ ለምን እንዳለቀሰ ረሳው። እኔ ግን አልረሳሁትም። በራሴ በጣም አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ፌቨን መጡ። ነገሩን ከፊቴ አነበቡት።

«በይ አንቺም ተጣዪው» አሉኝ። «ሰው ሁሉ በጠቡ አይደል የዳነው!»

«ከእሱ ጋር ተጣልቼ አላውቅም፣ እትዬ ፌቨን።»

«በአርባ ሰባት ዓመት አንዴ?»

አሰብኩ። አንድም ጊዜ አላገኘሁም። ያለኝን ሁሉ እሺ ያልኩ ልጅ ነኝ። ማግባት የፈለግሁትን ሰው ሳይወደው ሲቀር እንኳ እሺ ብዬ ተውኩት። ሰዎች ሲያመሰግኑኝ ኖረዋል። «የጋሽ ሱራፌል ልጅ፣ ድምጿ አይሰማም» ይሉኛል። ያ ሶፋ ላይ ጉዳዬ ታይቶ አያውቅም።

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ትጣያለሽ» አሉ እትዬ ፌቨን። «እሱ ያስታርቀን።»

ሁለታችንም ፊቱ ቆምን። እትዬ ፌቨን ጀመሩ። በእሳቸው ሰገነት ላይ ቆሻሻ ውኃ እንደደፋሁ፣ ሲናገሩኝም ጀርባዬን እንዳዞርኩ ከሰሱኝ። እኔ ከሥር የምኖር ሰው እንዴት አድርጌ ወደ ላይ ውኃ እደፋለሁ አልኩ። ድምፄ መጀመሪያ አልወጣ ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ወጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ እውነተኛ ቁጣ ነበር። ሁሉን ሰው ተራ በተራ እያገለገልኩ እኔን የሚያይ ሰው እንደሌለ፣ ደክሞኝ እንደሆነ የጠየቀኝ እንደሌለ ተናገርኩ። እትዬ ፌቨን ክሳቸውን ትተው አፋቸውን ይዘው አዩኝ።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማ። እንደ ድሮው አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ አንዳንዴ ራሱን እየነቀነቀ። ከዚያ ፈረደ።

«ፌቨን፣ አንቺ ተሳስተሻል። ውኃ ወደ ላይ አይደፋም። ይቅርታ ጠይቂያት» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም ልጄ፣ ይህን ሁሉ በሆድሽ ይዘሽ መኖር አልነበረብሽም። የሚሰማሽ ሰው አጥተሽ ነው?»

«ይህችን ሴት ያውቋታል?» አለ ማሽኑ።

«አላውቃትም» አለ አባቴ። «ግን እውነቷን ነው።»

«አልተረጋገጠም። ሙከራዎ አልቋል። በዕድሜ የሚቀራረብዎትን ዋስ ቢያስቀድሙ መልካም ነው።»

እትዬ ፌቨን ማሽኑን በሁለት እጃቸው ይዘው «እኔ አውቃታለሁ!» አሉት። «ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ አውቃታለሁ! ኖላዊት ሱራፌል ናት!» ማሽኑ በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌሉ ነገራቸውና አመሰገናቸው።

ጳጉሜ አምስት ቀን የአባቴን ምሳ አቅርቤ፣ ዳቦ ቆርሼ በሳህን ከድኜ፣ የመዝገብ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። አውቶቡሱ አስገባኝ፤ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ገና ሰው ነበርኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቴ የነበረው ሰው ዋሱ የጥርስ ሕክምና ላይ ስለሆነ መናገር አልቻለም። ከኋላዬ ያለችው መንትያ ናት፤ ዋሷ እሷን ሲያይ ልቡ ሁልጊዜ ይጠራጠራል። ተራዬ የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ወጣት፣ ትሑት ልጅ ነበረች።

«ምን ልታዘዝ?»

«ዋሴ አላወቀኝም።»

«ዋስዎ ማን ናቸው?»

«አባቴ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። «አምስተኛ ደረጃ ላይ ነዎት። ማን ነው የመረጠው?»

«እኔ።»

«ይቅርታ፣ እትዬ። ሰው በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ የመረጠውን ቅንብር እኛ አንነካም። የተሠራው እርስዎን ለመጠበቅ ነው።»

«ከማን?»

«ከሁሉም። ከእኛም ጭምር» አለች። እውነቷን ነበር። ጥሩ ቅንብር ነበር የመረጥኩት።

«ፎቶዬን አታዪውም?»

«አየዋለሁ። እርስዎ መሆንዎን አምናለሁ» አለች። እጇ መጻፊያው ላይ ቆሞ ነበር። «እምነቴን የምሞላበት ቦታ ግን የለም።»

 እሷ የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

ስመለስ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ብሎካችን ስደርስ ጀንበር ጠልቃ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ፤ ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም፣ ሰዓቱን እያየሁ ነው የሮጥኩት። በሩ ፊት ቆምኩ። ዘወትር ገና ስቃረብ ነበር የሚከፈተው።

ከውስጥ የበሩ ድምፅ ተሰማኝ። «የማይታወቅ ሰው ቆሟል።»

«ይግባ» አለ አባቴ። «በዝናብ ቆሞ?»

«በመረጡት ደረጃ መሠረት አይፈቀድም።»

«እኔ ፈቅጃለሁ እኮ!»

«በመረጡት ደረጃ መሠረት አይፈቀድም።»

አባቴ እጀታውን ሲታገል ይሰማኛል። በሩን የበየደው እሱ ነው፤ በደንብ ነው የበየደው። ትንሽ ቆይቶ በበሩ ጎን ያለው የወጥ ቤቱ መስኮት ተከፈተ፤ በፍርግርጉ ውስጥ ፊቱን አየሁት። የእኛ ብሎክ ፍርግርግ ከሌላው ሰፋ ያለ ነው። ሲሠራው ሰዎች ሌባ እጁን ያስገባል ብለውት ነበር፤ እሱ ደግሞ «ጎረቤት በምን በኩል ሊቀባበል ነው?» አላቸው። ይህን እናቴ ናት የነገረችኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ። «በሩ እምቢ አለ። እንዲህ ዓይነት ቤት አልነበረንም።» በጣም አፍሮ ነበር። ተመልሶ ገባና በሳህን የከደንኩለትን ዳቦ ይዞ መጣ። ምሳውን አልበላም ነበር። ዳቦውን በፍርግርጉ መሃል ወደ እኔ አወጣው። «ያዢ። እርቦሻል።»

«እርስዎስ?»

«የኔን ተዪው። ለእኔ የምታበስል ልጅ አለች፤ ትመጣለች አሁን።»

ዳቦውን ያዝኩ። እጁንም አብሬ ያዝኩት፤ አልከለከለኝም። አምባሩ እጁ ላይ ነበር፤ አላየሁትም፣ ማየት አልፈለግሁም። እትዬ ፌቨን ከላይ ደረጃው ላይ ቆመው ነበር፤ ዛሬ ይህን በእጄ ደብተር ላይ የምጽፈው እሳቸው በሦስተኛ ደረጃ በራቸው በድብቅ አስገብተውኝ ፍራሽ ዘርግተውልኝ ነው። ያኔ ግን አልወረዱም፣ አልጠሩኝም። ብቻ ቆመው ነበር።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ አባቴ።

«የሱራፌል።»

«የቱ ሱራፌል? ሱራፌል ታዬ? በያጁ?»

«አዎ።»

ፊቱ ፈካ። ሦስት ቀን ሙሉ ለጎረቤቶቼ ሁሉ የፈካው ያ ፊት። «አውቀዋለሁ እንጂ!» አለ። «ታዲያ ምን ትንከራተቺያለሽ? ወደ እሱ ሂጂ። እሱ ሰው አይመልስም። ዋስ ይሆንሻል፤ እኔ እንደላክሁሽ ንገሪው።»

«ቤቱ ሩቅ ነው?» አልኩት።

«ኧረ ቅርብ ነው» አለ አባቴ። «እዚሁ ነው።»